ቅዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ፦ ጥያቄና መልስ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገኘት ያሰባችሁ ሰዎች ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በአንድ የአዲስ አበባ አጥቢያ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለማገለግል እኔ እንድመልስ ተጠይቄአለሁ። ካህን አይደለሁም፤ ስለዚህ የንስሐና የቀኖና ጉዳይ ያለው ሰው ጥያቄውን ለካህን ቢያቀርብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ወንድ ልጁን ክርስትና ስለሚያስነሣ እሑድ ጠርቶኛል። ስንት ሰዓት ልድረስ? የትስ ልቁም?

መልስ፦ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ጥምቀቱ የሚፈጸመው ከቅዳሴው አስቀድሞ ሲሆን፣ ሕፃኑም በዚያው ቅዳሴ ይቆርባል። የእሑድ ቅዳሴ በአብዛኞቹ አጥቢያዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ስለሚወስድ፣ ጥምቀቱን ማየት ከፈለጉ ገና ሳይነጋ መነሣት ይኖርብዎታል። ባልደረባዎም ሆነ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ሊያስተናግዱዎት እንደማይችሉ አስቀድመው ይወቁ፤ የሚያስተናግዱዎት ከቅዳሴ በኋላ ድግሱ ላይ ነው።

ስለ መቆሚያዎ አይጨነቁ። እንግዶች ብዙውን ጊዜ የሚያሳስባቸው «ውጭ ብቀር እንደተገለልኩ እታያለሁ» የሚለው ነው፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቅጽሩ በሙሉ የጸሎት ስፍራ ነው። ከምእመኑ ብዙው ክፍል፣ አንዳንዱ ስላረፈደ፣ አንዳንዱ ለመግባት ስላልተዘጋጀ፣ ሌላውም ልማዱ ስለሆነ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በአጥሩ ጥግ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ያስቀድሳል። ከእነርሱ ጋር ቢቆሙ እንግዳ መሆንዎን የሚለይ ሰው አይኖርም። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ስንቆም ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ መሆናቸውን ብቻ ያስተውሉ።

ጥያቄ፦ ነጠላ የለኝም። ሱሪስ መልበስ እችላለሁ? (ጠያቂዋ ሴት ነኝ።)

መልስ፦ ነጭ ነጠላ ማጣፋት ልማዱና የሚመረጠው ነው፤ ከሌለዎት ግን ፀጉርዎን የሚሸፍን ማንኛውም ሻሽ ወይም ሻርፕ ይበቃል። በሱሪ ፋንታ ረጅም ቀሚስ ይልበሱ፤ በሱሪ የመጣችን ሴት በር ላይ የሚመልሱ አጥቢያዎች አሉ፣ ዝም የሚሉም አሉ፣ የትኛው እንደሚገጥምዎት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ወደ ሕንፃው ከገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ቀላል ጫማና ካልሲ ያድርጉ፤ ፌስታልም ይያዙ። በበዓል ቀን በር ላይ ከተከመረው ጫማ መካከል የራስን መፈለግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ የተወለድኩትና ያደግኩት ዋሽንግተን ነው። አያቴን ልጠይቅ መጥቼ ከእርሷ ጋር ልሄድ ነው። ግእዝ ጭራሽ አልሰማም። መቼ እንደምቆም፣ መቼ እንደምሰግድ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እዚህም ተወልዶ ያደገው አብዛኛው ሰው ግእዙን ቃል በቃል አይሰማም፤ የሚከተለው ዲያቆኑን ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ብሎ ይመልሳል። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጠ ሁሉ ይነሣል። ደካሞችና አረጋውያን መቀመጥ እንደሚችሉ ከዚህ ይረዳሉ፤ እርስዎም ሲደክምዎት ጥቂት ቢቀመጡ የሚቆጣዎት የለም፣ ወንጌል ሲነበብ ግን ሁሉም ይቆማል። «ስግዱ» ሲባል ይሰገዳል፣ «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲባል ራስ ዝቅ ይደረጋል። በመካከል «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) የሚል አዋጅ ይሰማሉ፤ በዚያን ጊዜ አጠገብዎ ያሉት ሴቶች ወደ እርስዎ ዞረው እጅ ይነሣሉ፣ እርስዎም እንደዚያው ይመልሱላቸው። ከዚህ የተረፈውን አያትዎ ሲያደርጉ እያዩ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ግብፃዊ ኮፕት ነው። እዚህ መቁረብ ይችላል? እኔስ ካቶሊክ ሆኜ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ይችላሉ። የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኤርትራ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ መሪዎች በጥር 1957 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ሆኖም ድንገት መጥቶ ተሰልፎ መቁረብ የለም። ለቍርባን ንስሐ መግባትና 18 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቀደም ብለው አንድ ካህን ያነጋግሩ። እርስዎ ግን በካቶሊክነትዎ መቁረብ አይችሉም፤ ይህን በማለሳለስ መናገር ለእንግዳ ጥቅም የለውም። ከወንጌል ንባብ በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ብሎ ያልተጠመቁትን ሲያሰናብት የሚሰማውም ከጥንት ጀምሮ ይህ ድንበር ስላለ ነው። ቍርባን የማይቀበል ሰው ግን ብቻውን አይሆንም፤ በአብዛኛው እሑድ ከቆመው ሕዝብ የማይቆርበው ከሚቆርበው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በወር አበባ ላይ ከሆንኩ መቅረት አለብኝ?

መልስ፦ መቅረት የለብዎትም፤ ሕንፃው ውስጥ ሳይገቡ በቅጽሩ ሆነው ያስቀድሳሉ። ማንም ምክንያትዎን አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

መልስ፦ በቅዳሴ ሰዓት አይቻልም። ክርስትና ላይም ቢሆን ቤተሰቡ ያስፈቀደው አንሺ ይኖራልና ስልክዎን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ካህኑ መስቀል ቢዘረጉልኝ ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ ይህ የለም።

መልስ፦ የለመደ ሰው ግንባሩንና ከንፈሩን አስነክቶ ይሳለማል። እርስዎ እምነትዎ ካልፈቀደ ራስዎን ዝቅ አድርገው በአክብሮት ሰላምታ ይስጡ፤ ካህኑ ይረዱዎታል። እጅ ለመጨበጥ ብለው እጅዎን አይዘርጉ እንጂ፣ ሌላው ቀላል ነው። ሲያነጋግሯቸው «አባታችን» ወይም «አባ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ ሳያልቅ መውጣት ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር ነው ባይባልም አይመከርም፤ በተለይ ሕንፃው ውስጥ ከገቡ ሥጋ ወደሙ እየተሰጠ ሳለ መመላለስ ሰውን ያውካል። የሚቸኩሉ ከሆነ ከመጀመሪያውም በቅጽሩ ይቁሙ። መጨረሻው ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሲያሰናብት ነው። ከዚያ በኋላ የቅዳሴ ጸበል ይታደላል፣ በብዙ አጥቢያዎችም ስብከትና ማስታወቂያ ይከተላል። ስብከቱ በአማርኛ ስለሆነ፣ ግእዙን ላልተከታተለ እንግዳ ከሁሉም ይልቅ የሚቀለው ይህ ክፍል ነው፤ ጊዜ ካለዎት ለእርሱ ይቆዩ።