ኮሶ ወይስ ኪኒን? ፋርማሲስቱ ይመልሳሉ

ፋርማሲስቱ፦ ስለ ባህል መድኃኒትና ስለ ሐኪም ቤት መድኃኒት ጠይቁኝ። በሽታ ግን እዚህ አልመረምርም።

አልማዝ፦ የኮሶ ትል ተገኝቶብኝ ሐኪሙ ፕራዚኳንቴል አዝዞልኛል፤ እናቴ ግን ኮሶ ካልጠጣሽ አይወጣልሽም ትላለች። የማንን ልስማ?

ፋርማሲስቱ፦ እናትዎ አልተሳሳቱም፤ ኮሶ ትሉን ይጥላል። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ የጠጣ ሰውም ቤቱን ዘግቶ ይውል ስለነበር «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት እንግዳ ለመመለስ የተከበረ ምክንያት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ከእኛ ወስደው ያዝዙት ነበር። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው፤ የአንዱ እፍኝ አበባ ኃይል ከሌላው እፍኝ ጋር እኩል ስላልሆነ፣ አምና የተስማማው ልክ ዘንድሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ሲበዛም ከማስመለስና ከተቅማጥ አልፎ የዓይን ብርሃን ሊነሣ ይችላል። ፕራዚኳንቴል ግን በክብደትዎ ልክ ተሰልቶ አንድ ጊዜ ይዋጣል። ኪኒኑን ይውሰዱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ኮሶን በፍጹም አይቅመሱ፤ እርግዝናዎንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

መንገደኛው፦ ለስኳር የሚሆን ቅጠል አለ ይባላል። እውነት ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የትኛው ቅጠል? ለየትኛው የስኳር ዓይነት? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በቅጠል ተማምኖ እንዳያቋርጥ።

የአገር ልጅ፦ ፈረንጆቹ ዕውቀታችንን ወስደው በኪኒን መልክ መልሰው ይሸጡልናል።

ትዕግሥት፦ ያልመዘገብነውንና ያልመረመርነውን ወሰዱብን ማለት ምን ይጠቅማል?

የአገር ልጅ፦ እንዶድንስ የመረመረው ማን ነው? የእኛው ሰው አይደለም?

ፋርማሲስቱ፦ ክርክሩ ከጥያቄዬ ቢያወጣኝም እንዶድ ከተነሣ ዝም አልልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። እርሳቸው ግን «አያቶቻችን ያውቁታል» ብለው አልተቀመጡም፤ ስንቱ እንዶድ በስንት ውሃ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል፣ ሌላውን ፍጥረት እንዴት እንደሚጎዳ ለዓመታት መረመሩ። በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። አሁንም የምለው ስለ መጠን ነው።

ሰናይት፦ የአባቴን የተሰበረ ክንድ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረው። ጣቶቹ አብጠው ደንዝዘዋል።

ፋርማሲስቱ፦ አሁኑኑ ማሰሪያውን ፍቱና ሆስፒታል ውሰዷቸው! ደም ካልደረሰው እጁ ሊቆረጥ ይችላል።

ወለተ ማርያም፦ ጠበል የሚጠመቅ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ያቁም?

ፋርማሲስቱ፦ አያቁም። አቡነ ጳውሎስም በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሁለቱ አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል።

ደረጀ፦ ለኮሶ ትል የቱ ይሻላል፣ ኮሶ ወይስ ኪኒን?

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ ለወይዘሮ አልማዝ የጻፍኩትን ያንብቡ።

መንገደኛው፦ የቅጠሉን ስም አላውቀውም፤ ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ።

ፋርማሲስቱ፦ ስሙን የማያውቁትን አይጠጡ። ቅጠሉንም ኪኒንዎንም ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ።