ባሕር ዛፉ ይቆይ

ደብዳቤሽን ማታ አንብቤ ጠዋት ደገምኩት። ሌላ ጊዜ ደብዳቤ በተራው ነው የምመልሰው። ያንቺ ግን አናደደኝ፤ ባንቺ ሳይሆን አጎትሽን ባሳመናቸው ሰውዬ።

ለሌላው አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ልጅቷ የጫጫ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪሲቲ ተምራ ሌቭል 4 ጨርሳለች። አሁን እዚያው ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በኮንትራት ጥገና ትሠራለች፣ ማሸጊያው ክፍል። ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም። አጎቷ ደግሞ «ሴት ልጅ ፓነል ስትፈታ አትኖርም፣ ኤርፖርት ትግባ» ብለው ተነስተዋል። አዲስ አበባ የሆስተስና የትኬት ሥልጠና ትወስዳለች፣ ስትጨርስ «ውስጥ ያለ ሰው» ቦሌ ያስገባታል። ለሥልጠናውም ለሰውዬውም የሚከፈለው ከእናቷ ባሕር ዛፍ ነው፣ በቁሙ ተሽጦ።

እህቴ፣ ከሰውዬው ልጀምር። ውስጥ ሰው የለም። ቢኖርም ብርሽን በልቶ ስልኩን የሚዘጋ ነው፣ እንዲህ የተበሉ ልጆችን ደብዳቤ ከአንድ በላይ አንብቤያለሁ። ከቅጥር በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደላላ ነው፤ ዘመድ ቢሆንም፣ ጸሎተኛ ቢሆንም፣ ባጅ አንጠልጥሎ ቢያሳይሽም።

ሥልጠናውም ቢሆን አጎትሽ እንዳሰቡት አይደለም። አየር መንገዱ ሆስተስ ሲፈልግ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ቁመት ይለካል፣ ይፈትናል፣ ያለፈችውንም በራሱ ማሠልጠኛ ያሠለጥናታል። ከግል ማሠልጠኛዎቹ መካከል በደንብ የሚያስተምር የለም አልልም፣ አለ። ግን የሚሰጡሽ ወረቀት የቅጥር ደብዳቤ አይደለም። ሆስተስ መሆን ከልብሽ ከሆነ ማስታወቂያ ሲወጣ ሄደሽ ተለኪ፣ ተፈተኚ፤ ለዚህ ባሕር ዛፍ አይሸጥም። በደብዳቤሽ ግን ሆስተስ መሆን እፈልጋለሁ የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም። «ፈልጎ ነው» የምትይው አጎትሽን ነው።

እሳቸውም ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የሚያዩት ግን ዩኒፎርሙን ነው፣ ሻንጣ እየጎተተች የምትሄደዋን ልጅ። ለሰፈር ወሬም ያምራል። ነገር ግን እናትሽ ብቻዋን ናት፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ወይም ማዳበሪያ ሲገዛ የሚቆረጠው ያ ባሕር ዛፍ ነው። የእህትን ዛፍ ሸጦ የእህትን ልጅ ዕድል መሞከር ቀላል ነው። እስቲ የራሳቸውን ዛፍ ይሽጡ! ይህን በቀጥታ መናገር ለአንቺ ይከብድሻል፣ ስለዚህ ጽሑፌን ስልክሽ ላይ አሳያቸው፣ ቢቆጡም በእኔ ይቆጡ።

አሁን ወደ ዋናው። አጎትሽ «ኤርፖርት» ሲሉ ሆስተስና ትኬት ቆራጭ ብቻ ነው የሚታያቸው። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ እንጀራዬን የበላሁት ከተርሚናል ሥር ነው፣ ሻንጣ ከሚያመላልሰው ቀበቶ። እዚያ ታች መንገደኛ አይታይም። ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ ማርሽ ሳጥን፣ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር፣ ሻንጣ ሲያልፍ የሚያይ ፎቶሴልና ይህን ሁሉ የሚያዝ ፒኤልሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ይህ የምታውቂው ነገር አልመሰለሽም? አንቺ ማሸጊያው ላይ በየቀኑ የምትፈቺውና የምትገጥሚው እኮ ነው፣ በትልቁ።

ቦሌ የሚያርፈው መንገደኛ አብዛኛው አዲስ አበባን ሳያያት የሚያልፍ ነው። ጠዋት ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል፣ ማታ ከአፍሪካ የተሰበሰበው ሌሊቱን ወደ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ በተመሳሳይ ሰዓት ይጎርፋሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይወጣሉ። በዚያ መሃል አንድ የሻንጣ ቀበቶ ሞተር ቢቆም የሰው ሻንጣ ሌጎስ መሄዱ ቀርቶ አዲስ አበባ ያድራል። ያኔ የሚጠራው ፓነል የሚፈታ ሰው ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት ማንም አይጠይቅም፣ ቶሎ ይነሳ ነው የሚባለው።

መብራቱም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ አምፖል የምንቀጥለው በፓራለል ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው፤ የማኮብኮቢያው መብራት ግን በሲሪየስ ነው የሚሄደው፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተከታትሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ6.6 አምፒር፣ ርቀቱ ረጅም ስለሆነና ሁሉም እኩል እንዲበራ። አንዱ ሲቃጠል ሌላው እንዳይጠፋ ለየአምፖሉ ትራንስፎርመር አለው። መብራት ሲሄድ ደግሞ እንደኛ ሰፈር ሻማ ተለኩሶ አይጠበቅም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ፣ አውሮፕላን በመሣሪያ እየተመራ የሚያርፍበት ማኮብኮቢያ መብራቱ ቢበዛ በ15 ሰከንድ መመለስ አለበት፣ ጭጋግ ሲበረታ ደግሞ በ1 ሰከንድ። ይህን የሚያደርገው ጄኔሬተርና የመቀየሪያ ፓነል ነው። ከዚያ ሊፍቱ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃው፣ የካርጎው ማቀዝቀዣ አለ። አጠገቡ 1,024 ክፍል ያለው ስካይላይት ሆቴልም አለ፣ እሱም ኤሌክትሪሽያን ይፈልጋል።

«ቢሾፍቱ አዲሱ ኤርፖርት እስኪያልቅ ልጠብቅ ወይ?» ብለሻል። አትጠብቂ። ግን ችላም አትበዪው። ቦሌ ራሱ የተሠራው እንዲህ ባለ ምክንያት ነበር፤ ልደታ የነበረው የድሮ ሜዳ ለጄት አውሮፕላን አጥሮ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር፣ ዛሬ ከተማው ከበበው። ጥር 2011 ላይ ተርሚናሉን በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲችል አድርገው ቢያስፋፉትም ዙሪያው ቤት ነው፣ ወዴት ይሄዳል? ሌላው ችግር ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ደብረ ብርሃን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። አዲሱ ኤርፖርት የሚሠራበት አቡሴራ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ዝቅ ይላል። ሥራው ጥር 2018 ተጀምሯል፣ ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያልቃል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2030 ነው። በኛ አገር ፕሮጀክት በተባለበት ቀን ያልቃል ብዬ አልምልልሽም፣ ግን ላንቺ ዋናው ነገር ማለቁ አይደለም። ሕንፃ ሲሠራ ሽቦ ይዘረጋል፣ ፓነል ይቆማል፣ ይህም በንዑስ ተቋራጮች እጅ ነው የሚያልፈው። ሲዘረጋ የነበረ ሰው የት ምን እንዳለ ስለሚያውቅ ለጥገናውም ተፈላጊ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የሌቭል 4 ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ገና አልወሰድሽም፣ በአንድ መስመር ነግረሽኝ አልፈሽዋል፤ ለእኔ ግን ከደብዳቤሽ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እሱን ውሰጂ። ፋብሪካውን አትልቀቂ፣ ደመወዙ ቢያንስም የምትማሪው እዚያ ነው። ፒኤልሲ የሚያውቀውን ሰውዬ ተጠጊ፣ ቡናም ቢሆን ግዢለት፣ ፕሮግራሙን ሲከፍት አጠገቡ ቁሚ። የጠገንሽውን ብልሽት ሁሉ በደብተር መዝግቢ፤ ምን ተበላሸ፣ በምን ታወቀ፣ በምን ተሠራ። ኢንተርቪው ላይ የሚያወራልሽ እሱ ነው። ከዚያ ለጥገና የሚወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ ተመዝገቢ፣ የተቋራጮቹንም። አንዱ ጋ ሳትቀጠሪ ከደብረ ብርሃን አትነሺ።

እንግሊዝኛሽ ያሳስብሻል፤ የማሽን ማኑዋል በማንበብ ጀምሪ፣ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ያ ነው። ዕድሜሽ 23 ነው፣ አልረፈደም። እናቴን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ ላልሽው፣ አዲስ አበባና ጫጫ በሚኒባስ የጠዋት መንገድ ነው።

ቤት ስትፈልጊ «ቦሌ» የሚለውን ስም አትከተዪ፣ ኪራዩ ደመወዝሽን ይጨርሰዋል። ጎሮ ወይም ገርጂ በኩል ከሌላ ልጅ ጋር ተካፈሉ። የሌሊት ፈረቃ ካለው ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ሰርቪሱ እስከ የት እንደሚያደርስ ጠይቂ።