ናሙናው ላይ የሚሠራ፣ ሙሉው ዳታ ላይ የሚቆም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የዶክትሬት ተማሪዎችን አማክራለሁ። ብዙ ዳታ በብዙ ማሽኖች ላይ ለማስኬድ የሚያገለግሉትን መሣሪያዎች፣ ስፓርክንም ካፍካንም፣ ያውቃሉ። የሚነድፉት ሥርዓት ግን በናሙና ዳታ ደህና ይሄድና ሙሉው ዳታ ሲመጣ ይቆማል። ተጨማሪ የመሣሪያ ሥልጠና ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጧቸው። የጎደላቸው ኮድ ከመጻፍ በፊት የማስላት ልማድ ነው፤ ለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ይጠይቋቸው፦ 12 ቴራባይት ዳታ በሰከንድ 200 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ ላይ አለ፤ አንድ ጊዜ አንብቦ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? 60,000 ሰከንድ፣ ማለትም 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በ20 ዲስኮች እኩል ቢከፋፈል 50 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እርስዎ ይቀጥሉ፦ ያ ሁሉ ዳታ በሰከንድ 10 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ወደ አንድ ማሽን መሄድ ቢኖርበትስ? 8 ቢት አንድ ባይት ነውና መስመሩ በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ጊጋባይት ስለሚያሳልፍ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል፤ ዲስክ ቢጨመር ለውጥ የለውም። እንግዲያው ማጣራቱና መደመሩ ዳታው ባለበት ማሽን ይሠራ፣ በመስመሩ ውጤቱ ብቻ ይለፍ። ይህን ውሳኔ ተማሪው ራሱ ከስሌቱ ያውጣው፤ ቀድመው አይንገሩት።

ናሙና ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ዳታው ያልተመጣጠነ ሲሆን ነው። አንድ ቁልፍ (መዝገቦቹ የሚመደቡበት መለያ)፣ ብዙ ጊዜ ባዶ የቀረው፣ ከመዝገቦቹ 30 በመቶውን ይዞ ይገኛል። ሥራው በቁልፍ ለ200 ቢከፈል 199ኙ ቶሎ ጨርሰው አንዱን ይጠብቃሉ፤ ማሽን መጨመርም አያፋጥነውም። ባዶዎቹ የማይፈለጉ ከሆነ መጀመሪያ ይጣሩ። የሚፈለግ ከባድ ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ከ0 እስከ 31 ያለ ቁጥር እየተቀጠለበት ይበተን፤ ከፊል ድምሮቹ በሁለተኛ ዙር ይዋሃዱ። ይህ ለድምርና ለቆጠራ ይሆናል። ለሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ ለሚውለው ቁጥር) ግን አይሆንም፤ የክፍሎቹ ሚዲያን ተዋህዶ የጠቅላላውን አይሰጥም። ስለዚህ ለልምምድ የሚሰጡት ሰው ሠራሽ ዳታ ሆን ተብሎ የተዛባ ይሁን።

ፍጥነትን በአማካይ ብቻ የሚዘግብ ተማሪ ካለ ወረቀቱን ይመልሱለት። አንድ ጥያቄ የ100 ሰርቨሮችን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እያንዳንዱም ለብቻው ከ100 አንዴ ቢዘገይ፣ ከ100 ጥያቄ 63 ያህሉ ይዘገያሉ። ጥያቄ የሚልከው የመፈተኛ ፕሮግራምም ይታይ፦ ያለፈው መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሥርዓቱ በቆመበት ሰዓት እሱም መላኩን ስለሚያቆም መጥፎው ጊዜ ሳይመዘገብ ያልፋል። መልስ መጣም አልመጣም በተወሰነለት ሰዓት ይላክ፤ ጊዜውም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይቆጠር።

በመጨረሻ፣ ዳታ እየተጻፈ ሳለ ፕሮግራሙን በድንገት ያቋርጡትና እንደገና ያስነሱት። መዝገብ ከጎደለ ወይም ከተደገመ ንድፉ አላለቀም። ለእያንዳንዱ መዝገብ የማይደገም መለያ መስጠትና ሲጻፍ እሱን ማረጋገጥ ድግግሞሹን ይከላከላል።

ጥያቄ፦ የምርምር ሥራ እንጂ ለገበያ የሚቀርብ ምርት አይደለም። ይህ ሁሉ አይበዛባቸውም?

መልስ፦ አይበዛም፤ እንዲያውም አንድ ልጨምር። በክላስተር፣ ማለትም አብረው በሚሠሩ ብዙ ማሽኖች፣ የተሠራው ሥራ በአንድ ማሽን ላይ በጥንቃቄ ከተጻፈ ፕሮግራም ጋር ይነጻጸር። አንዱ ማሽን ከቀደመ፣ ተማሪው ይህን ከገምጋሚ ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት ከእርስዎ ቢሰማ ይሻላል።