መልስ፦ ጂኑ ከታወቀ ፕሮቲኑን መለካት ለምን?

"የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ጂን ካነበብን በኋላ ፕሮቲናቸውን ደግሞ መለካት ትርፍ ድካም አይሆንም ወይ?" ብለህ ለጠየቅከው፦ አይሆንም። እንዲያውም ዋናው ጨዋታ ያለው እዚያ ነው።

ኒውትሮፊልን ውሰድ። ይህ ነጭ የደም ሴል ኢላስቴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ገና መቅኔ ውስጥ ሳለ ነው። በጥቃቅን ከረጢቶች አጭቆት ወደ ደም ይወጣል። ደም ውስጥ ስታገኘው የኢላስቴዝ አርኤንኤው (ፕሮቲኑ የሚሠራበት፣ ከጂኑ የተገለበጠው ትእዛዝ) ከሞላ ጎደል የለም፤ ከረጢቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አርኤንኤውን ብቻ ያየ ሰው "ይሄ መሣሪያ የለውም" ብሎ ያልፈዋል!

ሌላው ምሳሌ ኤንኤፍ ካፓ ቢ፣ ማለትም ጂኖችን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው፤ የት እንዳለ ጂኑን በማንበብ ብቻ አታውቅም። ሴሉ ሰላም ሲሆን አይ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ከኒውክለስ ውጭ አንቆ ይይዘዋል። አደጋ ሲመጣ ያዡ ይፈርሳል፤ እሱም ኒውክለስ ውስጥ ዘው ብሎ እንደ ቲኤንኤፍ ያሉ የብግነት መልእክተኞችን ያስመርታል። በጤናማ ሰውነት ይህ ቶሎ ይበርዳል። ሥር በሰደደ ብግነት ግን ቲኤንኤፍ ራሱ ኤንኤፍ ካፓ ቢን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ለክሮንስ በሽታ (ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት) የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ቲኤንኤፍ ነው።

ስለ አለካኩ፦ ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የሚለካ ዘዴ) ፈጣን ነው፤ የሚያሳይህ ግን አስቀድመህ የመረጥከውን ብቻ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትሪ (የፕሮቲን ቁርጥራጮችን በክብደታቸው የሚለይ ዘዴ) ያላሰብከውንም ያወጣልሃል።

ብቻ ደሙን አታቆየው። ኒውትሮፊል ነገረኛ ነው፤ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ራሱ ይቆጣና የጤነኛውን ናሙና የበሽተኛ ያስመስልብሃል።