ግጥም ለመማር የወር ደመወዝሽን አትክፈዪ

ውድ እህቴ፣

ለሌሎች አንባቢዎች የደብዳቤሽን ፍሬ ነገር ባጭሩ ላስቀምጥ። ጠያቂያችን የሃያ አራት ዓመት የድሬዳዋ ልጅ ናት። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላት፤ መጋላ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጅምላ መደብር በገንዘብ ተቀባይነት ትሠራለች። ግጥም መጻፍ ከጀመረች የቆየች ሲሆን አሁን በሥርዓት መማር ትፈልጋለች። በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ «የሥነ ግጥም ሥልጠና» ከወር ደመወዟ የሚበልጥ ክፍያ ጠይቋታል፤ ሲጠናቀቅም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣት ነግሯታል። አባቷ ለኢንተርኔት ፓኬጅ የምታወጣውን ገንዘብ ብክነት ይሉታል። እሷ ደግሞ ሥራዋን ለቅቃ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጽሑፍ ብትማር ይሻል እንደሆነ ታስባለች። ጥያቄዋ፣ ግጥም ያለ ክፍያ የሚነበብበትና የሚጠናበት ቦታ በኢንተርኔት ላይ አለ ወይ የሚል ነው፤ ከዚያም «በነፃ የሚገኝ ነገር ግን ሥርዓት ያለው ትምህርት ይሆናል ብዬ አላምንም» ብላ ትጨምራለች።

ይህን ረጅም መልስ እንድጽፍ ያደረገኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ኤሌክትሪሲቲ ወይም ነርስነት ለሚማር ሰው የመለማመጃ ቦታ፣ መሣሪያና የብቃት ምዘና ስለሚያስፈልግ ክፍያው ምክንያት አለው። ለግጥም የሚያስፈልጉት ግን ጽሑፉ፣ የሰለጠነ ጆሮ፣ እርሳስ እና ጊዜ ናቸው። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር፣ ባንክ ይሁን ፋብሪካ ወይም መገናኛ ብዙኃን፣ የግጥም ምስክር ወረቀት አምጪ ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አላውቅም። የጽሑፍ ሥራ የሚሰጥ ሰው የሚጠይቅሽ የጻፍሽውን ነው። ስለዚህ ያንን ክፍያ አትክፈዪ፤ ቅድመ ክፍያ ብቻ ቢሉሽም አትክፈዪ።

ሥርዓት ያለው ነፃ ትምህርት የለም ማለትሽ ደግሞ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የዬል ዩኒቨርሲቲ «ኦፕን ዬል ኮርስስ» በሚለው ገጹ ላይ ፕሮፌሰር ላንግደን ሐመር በ2007 እ.ኤ.አ. በክፍል ውስጥ ያስተማሩትን የዘመናዊ ግጥም ኮርስ እንዳለ አስቀምጦታል። የምስል ቅጂው፣ የድምፅ ቅጂው እና ንግግሩ ቃል በቃል የተገለበጠበት ጽሑፍ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው አል ፊልራይስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመሩት፣ በአጭሩ «ሞድፖ» የሚባለው የዘመናዊ የአሜሪካ ግጥም ኮርስም እንዲሁ ለማንም በነፃ የተከፈተ ነው። ለአንቺ እንደሚስማማሽ የምገምተው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም በአሜሪካውያኑ ገጣሚዎች በኤሚሊ ዲከንሰንና በዋልት ዊትማን ጀምሮ መምህሩና ጥቂት ተማሪዎች ጠረጴዛ ከብበው አንድን ግጥም ስንኝ በስንኝ ሲመረምሩ፣ አንዳንዴም ሳይስማሙ ሲቀሩ ያሳይሻል። ያ ሥልጠና በወር ደመወዝሽ ሊሸጥልሽ ያሰበው ከዚህ የተሻለ ነገር ሊሆን እንደማይችል እገምታለሁ።

ለንባብ ብቻ ከሆነ «ፖይትሪ ፋውንዴሽን» የተባለው የቺካጎ ተቋም ገጽ ይበቃሻል። በ1912 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ፖይትሪ» መጽሔት የቆዩ እትሞች እዚያ በነፃ ይነበባሉ፤ የሥነ ግጥም ቃላት መፍቻም አለው። የአሜሪካ ገጣሚዎች አካዳሚ ደግሞ በየቀኑ አንድ ግጥም በኢሜይል ይልካል፤ ኢሜይል እምብዛም ዳታ ስለማይበላ ለአንቺ ሁኔታ የተመቸ ነው። የቅጂ መብታቸው ያበቃ የቆዩ መጻሕፍትን «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» ላይ ታገኛለሽ፤ ስታወርጂ ሥዕል የሌለበትንና ጽሑፍ ብቻ የያዘውን ፋይል ምረጪ፣ አንድ ሙሉ የግጥም መድበል ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይወስዳል። የገጣሚዎችን ድምፅ ለመስማት የእንግሊዙ «ፖይትሪ አርካይቭ» አለልሽ፤ በ1890 እ.ኤ.አ. በሰም ላይ የተቀረጸው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የአልፍሬድ ቴኒሰን ድምፅ ሳይቀር እዚያ ይሰማል። እነዚህን ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ ከፈለግሽ ወዲያው ይመጡልሻል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልሽው፣ የዬልን የተገለበጠ ጽሑፍ አስቀድመሽ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሽ አንብቢ፣ ከዚያ ድምፁን ስሚ፤ ሌላ የእንግሊዝኛ ኮርስ አትፈልጊ።

ይሁንና ከእነዚህ እንድትጀምሪ አልመክርሽም። የላክሽልኝን ሦስት ግጥሞች ሳይ የታየኝ ጉድለት ዊትማንን አለማንበብ አይደለም። ቤት ትመቺያለሽ፤ ምጣኔው፣ ማለትም በስንኙ ያሉት ቀለማት (የቃል ድምፅ ክፍሎች) ብዛት፣ ግን በየስንኙ ይለዋወጣል፣ አንዱ ስንኝ አሥር ቀለም ሲሆን ተከታዩ አሥራ አራት ይሆናል፣ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስልም። የአማርኛ ግጥም የራሱ ልኬቶች አሉት። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ ደግሞ አራት አራት። ልኬቱን ለመስበር ቢያምርሽ እንኳ መጀመሪያ ጆሮሽ ሊያውቀው ይገባል፤ ለዚህ የሚሆን ነፃ ምንጭም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎቹን ጥናቶች የሚያስቀምጥበት የኢንተርኔት ክምችት ለማንም ክፍት ነው። የማስተርስ ጥናቶች አሰልቺ ናቸው ብለሽ አትሽሺ፤ መላውን ማንበብም አያስፈልግሽም። በአማርኛ ግጥም ላይ የተሠራ ጥናት ፈልገሽ ንድፈ ሐሳባዊ ዳራውን የያዘውን ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። ስለ ምጣኔ፣ ስለ ቤት አመታት፣ ስለ ዘይቤ እና ስለ ሰምና ወርቅ በአማርኛ ከምሳሌ ጋር ተብራርቶ ታገኚዋለሽ። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ምዕራፎች ካነበብሽ የሥነ ግጥም የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ዋና ዋና ሐሳቦች በእጅሽ ገቡ ማለት ነው። ለጆሮሽ ደግሞ በዩቲዩብ ላይ በሕይወት ያሉ ገጣሚዎቻችን ሥራቸውን ራሳቸው ሲያቀርቡ የሚታዩባቸው በርካታ ቅጂዎች አሉ፣ የአዲስ አበባው ግጥምን በጃዝ ዝግጅት አንዱ ነው። ምስሉን ሳታዪ ድምፁን ብቻ ስሚው፤ ጭብጨባ ብዙ ደካማ ስንኞችን ይሸፍናል።

በቴሌግራም ስለሚሰራጩት የመጻሕፍት ቅጂዎች የጻፍሽውን በዝምታ ላልፈው አልችልም። «መቶ ሃያ የግጥም መጻሕፍት በስልኬ አሉ» ብለሻል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ እና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1938፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1947 እ.ኤ.አ. ስላረፉ የእነርሱ ሥራ ይህ ገደብ አልፎታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ያረፉት የከበደ ሚካኤል እና በ2006 እ.ኤ.አ. ያረፈው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ግን ገና ጥበቃ ላይ ናቸው፤ የዛሬዎቹን ገጣሚዎች ማንሳትም አያስፈልግም። ነገ የራስሽን መድበል አሳትመሽ በሳምንቱ በየስልኩ ቢበተን ምን እንደሚሰማሽ አስቢ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መቶ ሃያውን እንዳላነበብሻቸው እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ውስጥ የአንድም ስንኝ ድምፅ አይሰማም። ማከማቸት ልክ እንደ ማንበብ ሆኖ ይታያል። ስልክሽን አጽጂና በየሁለት ወሩ አንድ መድበል ከመጻሕፍት ሻጭ ግዢ፤ ለዚያ ሥልጠና ልትከፍዪ ያሰብሽው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ይበቃሻል።

ድሬዳዋ በመወለድሽ ያገኘሽውን ዕድል ግን ጨርሶ አላነሳሽውም። ሶማሊኛ እንደምትሰሚ በአንድ ቃል ጠቅሰሽ አልፈሻል። ጋባይ የሚባለው የሶማሊ ግጥም ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን እያስተጋባ የሚሄድ ጥብቅ ሥርዓት አለው፤ የእኛ ግጥም የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ሲሆን የእነርሱ በቃሉ መነሻ ነው። ለንደን የሚገኘው «ፖይትሪ ትራንስሌሽን ሴንተር» የመሐመድ ሐሺ ዳማዕን፣ ማለትም የጋሪዬን፣ እና የሌሎች የሶማሊ ገጣሚዎችን ሥራ በነፃ አቅርቧል። ዋናው ግጥም፣ ቃል በቃል የተተረጎመው እና ተርጓሚው ገጣሚ ያበጀው የመጨረሻ ቅጂ ስለሚገኙ፣ ሦስቱን ስታስተያዪ አንድ ግጥም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚተርፍ በዓይንሽ ታያለሽ። አዲስ አበባ ያለ ገጣሚ የጋባይን ድምፅ ለመስማት ይቸገራል፤ አንቺ ግን መደብሩ ደጃፍ ላይ ትሰሚዋለሽ። የኦሮሞውን የጀግንነት ግጥም ጌረርሳንና የሐረሪዎችን መንፈሳዊ ዜማ ዚክሪንም በዚሁ ጆሮ ልታዳምጫቸው ትችያለሽ።

የጎደለው ሥርዓት ከአንቺ መምጣት አለበት። በሳምንት አንድ ግጥም ብቻ ምረጪ። ሰኞ በእጅሽ ገልብጪው፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት አይቆጠርም። በቀጣዮቹ ቀናት ቀለሞቹን ቁጠሪ፣ ቤቱ የት እንደሚመታ አስምሪበት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ከተቻለም በቃልሽ ያዢው። እሑድ ስለዚያ ግጥም አንድ ገጽ ጻፊ፦ የትኛው ስንኝ እንደያዘሽ፣ የትኛው እንዳልተሳካና ለምን እንደሆነ። ለሁለት ወር የአማርኛ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ሞድፖን ጀምሪ። የሚወረደውን ሁሉ በሌሊት ፓኬጅ አውርደሽ ቀን ያለ ኢንተርኔት አንብቢ።

የአባትሽን ነገር በግልጽ እናገራለሁ፣ እርሳቸውም ቢያነቡት ቅር አይለኝም። አንድ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለበርጫ የሚወጣው ገንዘብ ሳይቆጠር የሴት ልጅ የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ብክነት ተብሎ የሚቆጠር ከሆነ፣ ችግሩ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ከደመወዝሽ ግማሹን ለቤት እንደምትሰጪ ጽፈሻል። እንግዲያው ለአባትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳትሽኮረመሚ፣ «አባዬ፣ ይህን ያህል ለቤት እሰጣለሁ፣ ይህን ያህል ለትምህርቴ አስቀምጣለሁ» በያቸውና ቁጥሩን በወረቀት አሳዪያቸው። የሒሳብ ባለሙያ ነሽ፤ የቤቱን የወር ወጪ ከእነ በርጫው አብረሽ ብታሰፍሪው ክርክሩ ብዙም አይቆይም። «ግጥም እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው ግን ሐሰት አይደለም። በዚህ አገር በመድበል ሽያጭ ብቻ የሚኖር ገጣሚ ማግኘት ይከብዳል፤ ይህንን ካመንሽላቸው የቀረውን ይሰሙሻል።

ሥራ መልቀቅን በተመለከተ መልሴ አትልቀቂ ነው። ሐረር ተወልዶ ሳይንሱን ትቶ ወደ ሥዕልና ግጥም የሄደውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን በምሳሌነት አቅርበሻል። እውነት ነው፣ ነገር ግን ወደ ጀርመን ኮሎኝ የሄደው በነፃ የትምህርት ዕድል ነበር፣ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማረ ነው የኖረው። (ሐረር ያለውን የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ባታነሺብኝ ደስ ብሎኛል፤ ሰውየው እዚያ ሲኖር ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር።) እኔም በወጣትነቴ ቀን የሒሳብ መዝገብ እየያዝኩ ማታ ቋንቋ ተምሬያለሁ፤ ደመወዝ ባይኖረኝ ኖሮ በሁለተኛው ዓመት አቋርጠው ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ምክሬ ወደዚህ ያዘነበለው። ሥነ ጽሑፍን በዩኒቨርሲቲ መማር ከፈለግሽ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ያለበትን ጠይቂ፤ ያም ቢሆን ከላይ የነገርኩሽን ለአንድ ዓመት ከሠራሽ በኋላ ይሁን።

ዕድሜሽ አልፏል ላሉሽ ጓደኞችሽ መልስ መስጠት አያስፈልግም። በብዕር ስም ልጻፍ ወይ ላልሽው፣ ከወደድሽ ጻፊ፤ አሁን ግን የሚቸኩል ነገር አይደለም።

ከሁለት ወር በኋላ በየእሑዱ ከጻፍሻቸው ገጾች መካከል ሁለቱን መርጠሽ ላኪልኝ። የራስሽን አዲስ ግጥሞች ለጊዜው አቆዪያቸው፤ ማየት የምፈልገው ስለ ሌላ ሰው ግጥም የጻፍሽውን ነው።