ለጥያቄው መልስ፦ ያ የከዋክብት ግራፍ ስሙ ማን ይባል?

ሰላም እህቴ፣ "የከዋክብትን ማግኒዚየምና ብረት የሚያወዳድረውን ግራፍ ለክለባችን ላቀርብ ነው፣ ምን ብዬ ልጥራው" ላልሽው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ እኔም በዚሁ ስም ጉድ ስለሆንኩ።

አራት ኪሎ ፊዚክስ ስማር ሴሚናር ነበረኝና ወጣሁና "ይሄ የአልፋ ግራፍ ነው" ብዬ ጀመርኩ፣ ወዲያው አንዱ ልጅ "አልፋ ጨረር ነው?" አለኝ፣ በቃ ሰዓቴ ግማሹ እሱን ሳስረዳ አለቀ። እዚህ ጋ አልፋ የሚባሉት ኦክስጅን፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ካልሲየም ምናምን ናቸው፣ ኮከብ ውስጥ የሂሊየም ኒውክሊየስ እየተደመረ የሚሰሩት። ችግሩ ደሞ አንዱ ማግኒዚየምን ብቻ ይለካና አልፋ ይላል፣ ሌላው የአራቱን አማካይ ወስዶ አልፋ ይላል፣ ስሙ አንድ ግራፉ ሌላ። ስለዚህ እኔ አሁን የለካሁትን ነው የምጠራው፣ ቁሙን አስቀድሜ አግድሙን አስከትዬ፦ "የማግኒዚየም ለብረት በብረት ለሃይድሮጅን ግራፍ"። ይረዝማል አውቃለሁ ግን ማንም አይሳሳትም።

የሰው ስም ከፈለግሽ በሁለት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ስም ቲንስሊ ዋለርስታይን ዲያግራም የሚሉት አሉ። ጆርጅ ዋለርስታይን በ1962 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ብረት ያነሳቸው ከዋክብት ላይ አልፋዎቹ ከብረት አንጻር በዝተው አገኘ፣ ቢያትሪስ ቲንስሊ ደሞ በ1979 ምክንያቱን አስረዳች (የሞተችው በ1981 ነው፣ ገና በ40 ዓመቷ፣ ያሳዝናል)። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትላልቅ ከዋክብት ቶሎ ኖረው ቶሎ ይፈነዱና አልፋዎቹን ይበትናሉ፣ ብዙውን ብረት የሚያመጣው ግን ነጭ ድንክ ኮከብ (ነዳጁን ጨርሶ የቀረ ትንሽ የኮከብ ቅሪት) ሲፈነዳ ነው፣ እሱ ደሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ለዛ ነው መስመሩ መጀመሪያ ሜዳ ሆኖ ይሄድና የዘገየው ብረት ሲደርስ ቁልቁል የሚታጠፈው፣ መታጠፊያውን ፈረንጆቹም ጉልበት ነው የሚሉት፣ እኛማ ጉልበት ስንል ሁለቱም ትርጉም አለን ሃሃ። እኛ ጋላክሲ ውስጥ ጉልበቱ አግድሙ ላይ ኔጌቲቭ 1 አካባቢ ነው።

የከዋክብትን ድምቀትና ሙቀት ለሚያወዳድረው ለሄርትስፕሩንግ ራስል ግራፍ የሰው ስም ሰርቷል፣ ሁሉም ስለለመደው። ይሄኛውን ግን የክለብ ልጆች ስለማያውቁት ርዕሱ ላይ የሰው ስም ብቻ ብትጽፊ "እነሱ እነማን ናቸው" ነው የሚመጣብሽ። ረጅሙን ርዕስ አድርጊው፣ የሰዎቹን ስም በአፍሽ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ደሞ ሳልረሳው፣ ዜሮን አስረጂ! እኔን "ዜሮ ላይ ከሆነች ፀሐይ ብረት የላትም ማለት ነው?" ብለውኛል። ዜሮ ማለት እንደ ፀሐይ ማለት ነው፣ ኔጌቲቭ 1 የፀሐይ አንድ አስረኛ፣ ኔጌቲቭ 2 አንድ መቶኛ፣ ሎጋሪዝም ነዋ። እኔ ብሆን ዜሮው ላይ ትንሽ ቢጫ ፀሐይ ስዬ ነው የምጀምረው።