ዶልፊኖች በስም ይጠራራሉ ወይ? ለኮምቦልቻው መምህር ጥያቄ የተሰጠ መልስ

«ዶልፊኖች በስም ይጠራራሉ ወይ?» ብሎ ላፋጠጠዎት ተማሪ፣ አዎ፣ ለስም እጅግ የቀረበ ነገር አላቸው ብለው ይመልሱለት።

ቦትልኖዝ የሚባለው ዶልፊን ገና በጨቅላነቱ የራሱን መለያ ፉጨት ያበጃል። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ይኸው ፉጨት በኮምፒውተር ተቀድቶ ባሕር ውስጥ ሲሰማ፣ ባለቤቱ ያንኑ ፉጨት እያሰማ ይመልሳል፤ ለእንግዳ ፉጨት ግን እንዲህ አያደርግም። በቦርከና ወንዝ ዳር እረኛው «ቡሬ!» ብሎ ሲጣራ ከመንጋው መካከል አንዱ በሬ ብቻ ከሣሩ ቀና እንደሚለው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ለቡሬ ስም ያወጣለት ጌታው ሲሆን ዶልፊኑ ግን ለራሱ ማውጣቱ ነው፤ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሐይቅ ከተማ ሳስተምር «ዶልፊን ቋንቋ አለው» ብዬ በደፈናው በመናገሬ፣ በፈተና ወረቀት ላይ «እንደ ሰው ያወራሉ» የሚል መልስ በዝቶብኝ ትምህርቱን እንደገና ለመስጠት ተገድጃለሁ። በስም መጠራራትና ዓረፍተ ነገር መመሥረት የተለያዩ ናቸው፤ ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ የሚያሰማው ተከታታይ ጠቅታ እንኳ፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቢያሳውቅም፣ ትርጉሙ ገና አልተፈታም።